ለዱር ተርኪ አደን ለክለብ ልክፈል ወይስ ወደ ብሔራዊ ደን ልሂድ?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የአዳኞችን የደኅንነት ትምህርት ጨርሻለሁ፤ በመጪው ጸደይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዱር ተርኪ፣ ያንን ትልቁን የዶሮ ዘመድ ወፍ፣ ማደን እፈልጋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዓመት 1,200 ዶላር ከፍዬ 400 ኤከር የግል መሬት ወደ ተከራየ የአደን ክለብ እንድገባ ይመክረኛል፤ አባላቱ 15 ናቸው። ሌላው ደግሞ ብሔራዊ ደን ተከፍቶ ሳለ ይህ ገንዘብ ማባከን ነው ይለኛል። የሕዝብ መሬት ወፍ የለበትም፣ አደጋም ይበዛበታል ሲባልም እሰማለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙንስ ምን ላድርገው?»

ምላሼን ከመጨረሻው ልጀምር። በዚህ ዓመት ለክለቡ አይክፈሉ። ወደ ብሔራዊ ደን ይሂዱ፤ ነገር ግን ወቅቱ በተከፈተ ማግስት ሳይሆን ወደ ማብቂያው፣ ቅዳሜና እሁድም ሳይሆን በሥራ ቀን ይሂዱ። ከዚያው ጎን ለጎን ደግሞ አንድ የግል መሬት በነጻ ፈቃድ ለማግኘት ከአሁኑ ዝምድና መመሥረት ይጀምሩ። ይህንን የምለው በዱር እንስሳት መኖሪያ አያያዝ ሙያ ለዓመታት ስሠራ፣ በሁለቱም ዓይነት መሬት ላይ ብዙ ማለዳዎችን በባዶ እጄም ወፍ ተሸክሜም ስመለስ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት በሁለቱ መሬቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የወፍ ሳይሆን የሰው መሆኑን ነው። በሕዝብ መሬት ላይ የሚያጠኑት የማያውቋቸውን አዳኞች አካሄድ ነው፤ በግል መሬት ላይ የሚያጠኑት የአንድን ባለ መሬት ልብ ነው። ተርኪው በሁለቱም ቦታ ያው ተርኪ ነው።

አስቀድሞ ግን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን አንድ ግንዛቤ ማጥራት ያስፈልጋል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በተግባር ግን «የመንግሥት ደን» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «አትግባ» የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሕዝብ መሬት የሚባለው፣ በተለይም ብሔራዊ ደን፣ ፈቃድ የያዘ ማንኛውም ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ገብቶ የሚያድንበት ነው። አጥር የሌለው፣ ምልክት ያልተሰቀለበት፣ ማንም የማይታይበት የግል ጫካ ግን የተዘጋ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ በግል መሬት ላይ ማደን፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ባይኖርም ጥፋት ነው፤ ጽሑፉ ካለ ደግሞ ፈቃዱ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ቅጣቱም ይከብዳል። ወፉ ራሱ ግን በማንም መሬት ላይ ቢያድር የባለ መሬቱ ንብረት አይደለም። የዱር እንስሳት በሕዝብ ስም በግዛቱ የሚጠበቁ ናቸው፤ ባለ መሬቱ ሊሰጥዎት ወይም ሊከለክልዎት የሚችለው የመግቢያውን በር ብቻ ነው። ስለዚህ 1,200 ዶላር ቢከፍሉም የአደን ፈቃዱን፣ የአጋዘንና የተርኪ ፈቃዱን፣ በቀን አንድ በፈቃድ ዓመቱ ደግሞ ሦስት ወፍ የሚለውን ገደብ አያስቀርልዎትም። በጸደይ የሚገደለው ደረቱ ላይ ጢም ያለው ወፍ ብቻ መሆኑም በሁለቱም መሬት እኩል የሚሠራ ሕግ ነው።

በሕዝብ መሬት ስም ውስጥም ወጥመድ አለ። ከሰሜን ቨርጂኒያ በመኪና ወደ ምዕራብ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በዚያ አደን ክልክል ነው። ሸለቆውን ተሻግረው የሚያገኙት ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው፤ በዚያ አደን የተፈቀደ ነው። አንዱ ፓርክ፣ ሌላው ደን ነው፤ የሚያስተዳድሯቸውም ሁለት የተለያዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ይባስ ብሎ ለእርስዎ ቅርብ የሆነው ፕሪንስ ዊሊያም ፎረስት ፓርክ በስሙ ውስጥ «ደን» የሚል ቃል ቢኖረውም ከፓርኮቹ ወገን ነውና ጠመንጃ ይዘው እንዳይሄዱበት። ሁለተኛው የሕዝብ መሬት ዓይነት የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድራቸው ክልሎች ናቸው፤ በፎኪየር ካውንቲ ያለው ቶምፕሰን እና በራፓሃኖክ ወንዝ ዳር ያለው ፌልፕስ ለእርስዎ የሚቀርቡት ናቸው። ቅርብ ስለሆኑ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ለእርስዎ የቀረቡትን ያህል ከዋሽንግተን ዳርቻ ለሚነሣው አዳኝ ሁሉ ቀርበዋል፤ ስፋታቸውም እያንዳንዳቸው ጥቂት ሺህ ኤከር ብቻ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ደኖች በአንድነት ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ይሸፍናሉ፤ አብዛኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ዓመትዎ በጆርጅ ዋሽንግተን ደን ውስጥ ያለውን የማሳኑተንን ተራራ አካባቢ ብመርጥልዎት ምክንያቴ ይህ ስፋት ነው። በብሔራዊ ደን ለማደን ከመደበኛው ፈቃድ በላይ ጥቂት ዶላር የሚከፈልበት የደን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አይርሱ።

ስለ ወፍ ብዛት የሰሙት ሐሜት ግማሹ እውነት ነው። ተርኪ ከጫካ ብቻ አይኖርም። በክረምት የኦክ ፍሬ የሚለቅምበት ያረጀ ደን፣ ሌሊት የሚሰፍርበት ረጃጅም ዛፍ፣ ሴቷ እንቁላሏን የምትሸሽግበት ቁጥቋጦ፣ ጫጩቶቹ ነፍሳት የሚለቅሙበት ሣር የበዛበት ገላጣ፣ ይህ ሁሉ ተቀራርቦ ሲገኝለት ነው የሚበዛው። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በነፍሳት ነው፣ ነፍሳት የሚበዙትም ፀሐይ በሚያገኘው ሣር ውስጥ ነው። ከብት የሚግጥበት መስክ፣ የድርቆሽ ማሳ፣ በመካከሉ የተረፈ የጫካ ክፋይ ያለው የቨርጂኒያ እርሻ ይህንን ሁሉ በአንድ ቦታ ያቀርባል። የተራራው ብሔራዊ ደን ግን በአብዛኛው እኩያ ዕድሜ ያለው የበሰለ ዛፍ ነው፤ ጥላው ከባድ ነው፣ ገላጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ በኤከር ሲሰላ እርሻው ከተራራው ብዙ ወፍ ይይዛል። እዚህ ድረስ ሐሜተኛው ትክክል ነው። የተሳተው፣ በተራራው ላይ ወፉ እኩል ተበትኖ እንዳልተቀመጠ አለማወቁ ነው። የደኑ መሥሪያ ቤት ለዱር እንስሳት ብሎ የመነጠረው ገላጣ፣ በቁጥጥር የተቃጠለ ተዳፋት፣ ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ጫካ፣ ሣር የበቀለበት በበር የተዘጋ የድሮ የእንጨት ጫኝ መኪና መንገድ፣ የደኑ ወሰን ከእርሻ ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ፣ ወፉ የሚገኘው በነዚህ ነው። የቀረውን ሰፊ ተራራ እንደሌለ ቢቆጥሩት ብዙም አይጎድልብዎትም። በሳተላይት ካርታ ላይ እነዚህን ቦታዎች ምልክት ለማድረግ አንድ የክረምት ምሽት ይበቃል፤ የደኑን ወሰን በስልክ ላይ የሚያሳይ የካርታ መተግበሪያም ይኑርዎት፤ ደኑ በውስጡ የግል መሬት ቁራጮች እንደ ደሴት ያሉበት ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር፣ ወደ ሰው እንምጣ። የጸደይ የተርኪ አደን የሚሠራው የተፈጥሮን ሥርዓት በመገልበጥ ነው። በተፈጥሮው አውራው ከቆጡ ላይ ሆኖ በንጋት ይጮኻል፣ ሴቶቹ ወደ እርሱ ይሄዳሉ። አዳኙ የሴትን ድምፅ እያሰማ አውራው ወደ እርሱ እንዲመጣ ይለምነዋል፤ ይህ ከልማዱ ውጭ ስለሆነ አውራው ይጠራጠራል። የሚታደንበት መሬት ላይ ደግሞ ጥርጣሬው በየቀኑ ይጨምራል። በወቅቱ መክፈቻ ቅዳሜ ከመንገድ ዳር የሚጮኸውን አውራ አራት ሰዎች ይጠሩታል፣ ሁለቱ ያስደነግጡታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከዛፍ ሳይወርድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጮኻል፣ ከወረደ በኋላ ደግሞ ዝም ይላል። አዲስ አዳኝ ይህንን ዝምታ «ወፍ የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ወፉ አለ፤ ድምፁን የሰረቀው የሰው ብዛት ነው። ዝም ያለ አውራ ሳይጮኽ ቀስ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ በሕዝብ መሬት ላይ በጣም የሚያዋጣው ብልሃት ጥቂት ጠርቶ ብዙ መቀመጥ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጠራሁ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልስ ሳጣ ተነሥቼ እሄድ ነበር፤ ስነሣ ከኋላዬ የክንፍ ድምፅ የሰማሁባቸውን ጊዜያት መቁጠር ትቻለሁ።

የወቅቱ አቆጣጠር እዚህ ላይ ይረዳዎታል። በቨርጂኒያ የጸደዩ ወቅት የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ሲሆን እስከ ሜይ አጋማሽ ይዘልቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ ማደን የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፀሐይ መግቢያ ይፈቀዳል። በመክፈቻው ሰሞን ሴቶቹ ገና ከአውራው ጋር ናቸው፤ በእውነተኛ ሴት የተከበበ አውራ የሴትን ድምፅ የሚያስመስለውን የእርስዎን የእንጨት መጥሪያ የሚሰማበት ምክንያት የለውም። ሴቷ በቀን አንድ ገደማ እየጣለች እንቁላሏን ካሟላች በኋላ ለ28 ቀን ያህል ትታቀፋለች፤ ብዙዎቹ ወደ መታቀፉ የሚገቡት ወቅቱ ከተጋመሰ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ አውራው ብቻውን ይቀራል፣ ረፋዱ ላይ ሴት ፍለጋ ይንከራተታል፣ ጩኸቱም እንደገና ያንሰራራል። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን የአዳኙ ብዛት ይቀንሳል፤ ግማሹ ወፉን አግኝቷል፣ ግማሹ ተስፋ ቆርጧል፣ የቀረውም ወደ ዓሣ ማጥመድ ሄዷል። በሜይ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ማይል ያህል ዳገት ወጥቶ የሚቀመጥ ሰው በብሔራዊ ደን ላይ የግል መሬት ያለው ያህል ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉ ለምልሞ እይታ ይጋርዳል፣ መዥገሩም ይበዛል፤ ሱሪዎን ካልሲዎ ውስጥ ይክተቱ፣ ሲመለሱ ሰውነትዎን ይፈትሹ፣ በዚህ አገር መዥገር «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ ያስተላልፋልና።

አሁን የክለቡን ሒሳብ እንመልከት። 400 ኤከር በእኛ አለካክ አራት ጋሻ መሬት ያህል ነው። ለአንድ ገበሬ ብዙ ነው፤ ለ15 አዳኝ ግን ጥቂት ነው። አንድ አውራ በጸደይ የሚመላለስበት መሬት ራሱ በመቶዎች በሚቆጠር ኤከር የሚለካ በመሆኑ፣ የክለቡ መሬት በአንድ ማለዳ ያለ ግጭት የሚያስተናግደው ሁለት ወይም ሦስት አዳኝ ነው። መክፈቻው ቅዳሜ 15ቱም ከመጡ፣ ከሕዝብ መሬት የሸሹትን መጨናነቅ በገንዘብዎ ገዙት ማለት ነው። ሌላው ነገር፣ በዚህ አካባቢ አብዛኛው የአደን ክለብ የሚቋቋመው ለአጋዘን ነው። መሬቱ የሚመረጠው፣ ማማው የሚሠራው፣ የቦታው ድልድል የሚደረገው ለኅዳር ወር አጋዘን ታስቦ ነው፤ ስለ ጸደይ ተርኪ የሚጨነቁት አባላት ጥቂት ይሆናሉ። ይህ በአንድ በኩል ዕድል ነው፣ 15 ተብሎ ሦስት ብቻ ሊመጡ ይችላሉና። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ባልደረባዎን የሚጠይቁት «ስንት ኤከር ነው?» ብለው ሳይሆን «ባለፈው ኤፕሪል ስንት አባል ለተርኪ ወጣ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚመዘገብበት ሰሌዳ አለ ወይ?» ብለው ይሁን። መልሱ «ሁለት ሰው፣ ሰሌዳ አለ» ከሆነ ሐሳቤን በከፊል እቀይራለሁ። ሰሌዳ ከሌለ ግን በነጻ ቢሰጥዎትም ይቅርብዎት።

«ነጻ» የሚለውን ቃልም አንድ ነገር ልበልበት። እ.ኤ.አ. በ1937 ፒትማንና ሮበርትሰን በተባሉ የምክር ቤት አባላት ስም የሚጠራው ሕግ ከወጣ ወዲህ በረጃጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚጣለው 11 በመቶ የፌዴራል ታክስ የሚገኘው ገንዘብ ለዱር እንስሳት ሥራ ለግዛቶች ይከፋፈላል። ሾትገንዎን፣ ማለትም የወፍ ማደኛ ጠመንጃዎን፣ የገዙ ዕለት የዚህን ታክስ ድርሻ በዋጋው ውስጥ ከፍለዋል፤ የፈቃድዎ ክፍያም እንዲሁ ለዚያው ሥራ ይውላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ የነበረው ይህ ወፍ የተመለሰውም ሕይወቱን ሙሉ በዱር የኖረን ወፍ በመረብ ይዞ ወደ ባዶው አካባቢ በማዛወር፣ በእንዲህ ባለ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወደ ብሔራዊ ደን ሲገቡ እንደ ተመጽዋች ሳይሆን እንደ ባለ ድርሻ ይግቡ።

የደኅንነቱ ጉዳይ የምር ነው፤ ሆኖም ሰው እንደሚያወራው በመሬቱ ዓይነት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በተርኪ አደን ላይ የሚደርሰው የታወቀው አደጋ አዳኝ አዳኝን ወፍ መስሎት መተኮሱ ነው፤ ሁላችንም ቅጠል መሳይ ልብስ ለብሰን፣ ፊታችንን ሸፍነን፣ የወፍ ድምፅ እያሰማን ስለምንቀመጥ ይህ መሆኑ አይደንቅም። መከላከያው የታወቀ ነው። የሰሙትን የተርኪ ድምፅ ተከትለው አድብተው አይሂዱ፤ ድምፁ የሌላ አዳኝ መጥሪያ ሊሆን ይችላል። ከትከሻዎ የሚሰፋ ግንድ መርጠው ጀርባዎን ያስደግፉ፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይተኩስብዎት ይከልልዎታል። ሌላ ሰው ሲመጣ ካዩ እጅዎን አያወዛውዙ፣ አያፏጩ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በሰው ቋንቋ ይናገሩ፤ «ሄሎ» ማለት ይበቃል፣ በአማርኛም ቢሆን ያድናል። የአውራው ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስለሆነ እነዚህ ቀለሞች ከላይዎ እንዳይታዩ። ባንዲራችን የተጠለፈበትን ኮፍያ የሚወዱ ከሆነ መኪናው ውስጥ ይተዉት፤ የቀዩ ክፍል በቅጠል መካከል ብልጭ ሲል የሚመስለው ምን እንደሆነ አሁን ያውቁታል። ሲንቀሳቀሱ፣ በተለይም የገደሉትን ወፍ ተሸክመው ሲወጡ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ ይልበሱ፤ በጸደይ ሕጉ ባያስገድድዎትም ያድርጉት። በብሔራዊ ደን ውስጥ ከመኖሪያ ቤት፣ ከሕንፃ፣ ከካምፕና ከመዝናኛ ሥፍራ በ150 ያርድ ርቀት ውስጥ መተኮስ፣ መንገድ አሻግሮም መተኮስ ክልክል ነው።

ታዲያ የግል መሬት በዚህ ረገድ ይሻላል? የሚሻለው ማን እንዳለ ሲታወቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻዬን ነኝ ብዬ ባመንኩበት እርሻ ላይ ተቀምጬ ሳለ ሌላ አዳኝ በመጥሪያዬ ተስቦ እስከ 30 ያርድ ደርሶብኛል። ባለ መሬቱ ለእኔ የፈቀደው በመጋቢት ነበር፤ ለእርሱ የፈቀደው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ነበርና ዘንግቶታል። ባለ መሬቱን ወቀሳ አላበዛሁበትም፤ የረሳሁት ጥያቄ የእኔ ነበር። በሕዝብ መሬት ላይ ሰው አለ ብለው ስለሚጠብቁ ይጠነቀቃሉ፤ በግል መሬት ላይ ብቻዎን ነዎት ብለው ይዘናጋሉ። ስለዚህ ፈቃድ ሲያገኙ ሌላ የተፈቀደለት ሰው ካለ፣ የቤተ ሰቡ ልጆች በማለዳ በየት በኩል እንደሚወጡ፣ ከብቱ በዚያ ሰሞን በየትኛው መስክ እንደሚውል በትሕትና ይጠይቁ።

የግል መሬት ፈቃድ ማግኘት ለእኛ ከባድ ነው የሚሉኝ ወገኖች ብዙ ናቸው። «የማላውቀው ገበሬ ደጅ ሄጄ፣ በዚህ መልክና በዚህ እንግሊዝኛ፣ ጠመንጃ ይዤ በመሬትህ ልግባ ልበለው?» ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ብዙ ቤተ ሰብ በየዓመቱ ለፋሲካና ለገና በግ ወይም ፍየል ለመግዛት ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እርሻዎች ይሄዳል። ያ ገበሬ ያውቅዎታል፤ ገንዘብዎን በወቅቱ እንደሚከፍሉ፣ ግቢውን ሳያቆሽሹ እንደሚወጡ፣ ከልጆችዎ ጋር እንደሚመጡ አይቷል። ሌላው አዳኝ በብስኩትና በፈገግታ ሊገነባው የሚደክምበትን መተማመን እርስዎ በአምስት ዓመት የበዓል በግ ገንብተውታል። በመሬቱ ላይ ተርኪ መኖሩን ይጠይቁት፤ ካለ በማሳው ላይ በጎቹ መካከል ሲሄድ ያየዋል። በክረምት፣ ከወቅቱ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድመው፣ በተራ ልብስ፣ ያለ ጠመንጃ፣ በቀን ብርሃን ይጠይቁት። ሲጠይቁም ሰፊ ፈቃድ አይጠይቁ፤ «በሜይ ሁለት የሥራ ቀን ማለዳ፣ እኔ ብቻ፣ ተርኪ ብቻ» የሚል ጥያቄ እሺ ለማለት ይቀላል። እምቢ ካለ አመስግነው በጉን እንደ ወትሮው ይግዙ።

ገበሬው ብዙ ጊዜ የሚፈራው እግርዎ ቢሰበር እንዳይከሱት ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ያለ ክፍያ ሰው በመሬቱ እንዲያድን የፈቀደ ባለ መሬትን በመደበኛው ጉዳይ ከተጠያቂነት ይጠብቀዋል፤ ይህንን በጨዋ አነጋገር ቢያነሡለት ልቡ ይረጋጋል። ገንዘብ መቀበል ይህንን ጥበቃ ሊያናጋበት ስለሚችል፣ ወረታውን በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት ይክፈሉ፦ አንድ ቅዳሜ አጥር ማጠር፣ የወደቀ ዛፍ ማንሣት፣ ወይም ባለቤትዎ የሠሩት የዶሮ ወጥ ከነእንጀራው። ፈቃዱን ግን በወረቀት ይያዙት፤ ቀኑ፣ የመሬቱ ስም፣ ፊርማው ያለበት ሁለት መስመር ይበቃል። በእሁድ ለማደንም ይህ ወረቀት የግድ ነው፤ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 የእሁድ አደንን በግል መሬት ላይ የፈቀደችው በባለ መሬቱ የጽሑፍ ፈቃድ ነበር፤ በሕዝብ መሬት ላይ የተፈቀደው በ2022 አስተዳዳሪው መሥሪያ ቤት በወሰነባቸው ቦታዎች ነው፤ በሁለቱም ከአምልኮ ቤት 200 ያርድ ውስጥ ክልክል ነው። (እሁድ ማለዳ ቅዳሴ ላይ መሆን የሚገባዎት ከሆነ ይህ አንቀጽ አይመለከትዎትም።) በግል መሬት ላይ ብቻ የሚገጥም ሌላ ወጥመድም አለ፤ ለወፍ ወይም ለአጋዘን ተብሎ የተበተነ በቆሎ። በመኖ አታልሎ ማደን በቨርጂኒያ ክልክል ነው፤ የበተኑት እርስዎ አለመሆንዎ የዱር እንስሳት ጥበቃ ፖሊሱን ጥያቄ አያስቀረውም። ከመቀመጥዎ በፊት በአካባቢው የተበተነ እህል እንደሌለ ዞር ብለው ይዩ፤ ባለ መሬቱንም ይጠይቁ።

ስለ ጾሙ የጠየቁት ከመሬቱ ምርጫ ጋር እንደሚገናኝ ሲረዱ ደስ ይልዎታል ብዬ አስባለሁ። በ2024 ወቅቱ የተከፈተው ኤፕሪል 13 ሲሆን ፋሲካችን የዋለው ሚያዝያ 27፣ ማለትም ሜይ 5 ነበር፤ የወቅቱ ሦስት ሳምንት በጾም ውስጥ አልፏል። በ2025 ወቅቱ ኤፕሪል 12 ተከፍቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ ማለትም ኤፕሪል 20 ዋለ። ወቅቱ ሲከፈት ጾም ላይ በሚሆኑበት በእንዲህ ያለ ዓመት፣ ከትንሣኤ በኋላ ያለው የወቅቱ ክፍል በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ከላይ «በወቅቱ መጨረሻ፣ በሥራ ቀን ይሂዱ» ያልኩዎት ቀን ያው ይኸው ነው። በጾም ውስጥ አድኖ ሥጋውን በማቀዝቀዣ ማቆየት ለሚፈልግ ሕጉ አይከለክለውም፤ በጾም ነፍስ ማጥፋቱን በተመለከተ፣ እንዲሁም በጥይት የወደቀ ወፍ በስመ ሥላሴ ተባርኮ እንደታረደ ሊቆጠር ይችል እንደሆነ ግን ባለሙያው እኔ አይደለሁም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ምእመናን ወፉ እንደ ወደቀ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ያርዱታል። በ40 ያርድ ውስጥ ራስና አንገቱ ላይ በትክክል የተመታ ወፍ ግን ብዙውን ጊዜ እስኪደርሱ አይጠብቅም፤ ይህንን አስቀድመው ለአባትዎ ይንገሯቸው።

ለመጀመሪያው ቀንዎ ይህንን ያድርጉ። በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ ያለ ጠመንጃ ወደ መረጡት ገላጣ ወጥተው ንጋት ላይ ጩኸት ያዳምጡ፤ መጥሪያ ግን አያሰሙ፣ ወፉን ያለ ጥቅም ያስተምሩታልና። በአፈሩ ላይ ባለ ሦስት ጣት ዱካ፣ በአሸዋ ላይ ክንፉን የጎተተበት መስመር ካገኙ ቦታው እርሱ ነው። በሜይ ሲመለሱ የመኪና ማቆሚያው ላይ ሌላ መኪና ቆሞ ካገኙ ወደ ሁለተኛው ምርጫዎ ይለፉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ይዘው ይውጡ። የደኑን በር አፍ ዘግተው አያቁሙ። ሳይነጋ ይቀመጡ፣ በግማሽ ሰዓት አንድ ጊዜ በለሆሳስ ይጥሩ፣ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር አይነሡ። ወፉ ሲወድቅ በዚያው ዕለት፣ በመኪና ከማጓጓዝዎ በፊት፣ በስልክ ወይም በመተግበሪያው ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ያስመዝግቡ፣ የምዝገባ ቁጥሩንም ወፉን እስኪያበስሉት ድረስ ይያዙት። ሥጋውን ለማንም መሸጥ አይችሉም፤ ግማሹን ደረት ለበግ ሻጩ ገበሬ ቢወስዱለት ግን ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠይቁት ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል።